የበላሁት እንጉዳይ፣ ያልያዘኝ ታይፎይድ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፦ ታይፎይድ አልነበረብኝም። ታይፈስም አልነበረብኝም። የልብ ሕመምተኛ አይደለሁም፤ የሰው ዓይንም አልበላኝም። በሦስት ቀን ውስጥ እነዚህን ሁሉ ተብያለሁ። ለሁለቱ መድኃኒት ተሰጥቶኛል፣ ለአንዱ ስፔሻሊስት ተጠቁሞኛል፣ ለአንዱ ጸበል ታዝዞልኛል። የታመምኩበትን ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአፌ ስናገር የሰማኝ አልነበረም። እርግጥ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ብቻ ነበር የተናገርኩት። ሌላው ግማሽ መናገር የሚገባው ነገር መሆኑን ራሴም አላወቅሁም።

ዘነበች እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወሰን አካባቢ ከባለቤቴ ከግርማና ከልጃችን ከሰላም ጋር እንኖራለን።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ በእግሬ ስወርድ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቆሞ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ከመንገዱ በታች ባለው መስክ ላይ፣ ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው በቀረበት አጠገብ፣ እንጉዳይ ፈልቷል። አንድ ሁለት አይደለም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ እፍኝ በእፍኝ የበቀለ። እግሩ ነጭ ነው፤ ቆቡም ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጭ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠውን እንጉዳይ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል። አሥር ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር እያፈራረቅኩ የከረምኩ ሴት ነኝ።

ዝም ብዬ ግን አልለቀምኩም። መስኩ ዳር ጫልቱ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ጫልቱ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። የእኛ ሰፈር ማሳ በነበረ ጊዜ ያርሱት የነበሩት አባቷ ናቸው። አሁን የቀራቸው ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ድንች እያበቀለች ለሰፈሩ ትሸጣለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወዳጄ ናት።

«ጫልቱ፣ ነይ እስቲ፤ ይሄ ይበላል?» አልኳት።

መጥታ አንዱን ነቀለችና ገልብጣ አየችው። አሸተተችው። «እናቴ ከዚሁ መስክ እየለቀመች ትሠራልን ነበር። ገና ነጭ ሆኖ፣ ሳይጠቁር ነው የሚበላው። ግን ዘኒ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቢቀርብሽ ይሻላል።»

«ይበላል ነው የምትዪኝ አይበላም?»

«እኛ በልተን አልሞትንም» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ቤት ስደርስ ሰላም «እማዬ፣ ቆይ፣ እንዲህ በግምት አይሆንም» ብላ ስልኳን አወጣች። ፎቶ ሲያሳዩት የዕፅዋትን ስም የሚናገር ነገር አላት። ከላይ ስታነሳው አንድ ስም ሰጣትና ይበላል አለ። ከጎን ስታነሳው ሌላ ስም ሰጥቶ ይገድላል አለ። ገልብጣ ስታነሳው ደግሞ እንጉዳይ መሆኑን ትቶ የአበባ ዓይነት ነው አላት።

«ታዲያ የቱን እንመን?» አልኳት።

«ቢያንስ አበባ አይገድልም» አለች።

በዚህ ማስረጃ ነው እንግዲህ የበላነው። ግማሹን በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት፤ ግማሹን ጥሬውን በላስቲክ ዕቃ ከድኜ አስቀመጥኩ። ሦስታችንም በላን። ግርማ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገ። ማታ ምንም የለም፤ ጠዋትም ምንም የለም። እሑድ ምሳ ላይ የተረፈውን በላሁና፣ ጎሽ ዘነበች፣ ብዬ ራሴን አመስግኜ ወደ ሚካኤል ማኅበር ሄድኩ።

የወሩ ተረኛ እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ የግርማ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በቤታችን ከመንግሥት በላይ ነው ቃላቸው። ጸሎቱ አለቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አንድ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፊቴ ላይ ድንገት እሳት የተለቀቀ መሰለኝ። አንገቴ ጋለ። ልቤ ከደረቴ ዘሎ ሊወጣ ይደልቃል። አፌ የዛገ ብረት የላስኩ ያህል መረረኝ፤ እጆቼን ጉንዳን ወረራቸው።

«ዘነበች፣ ምን ሆነሽ ነው? ዓይንሽ በርበሬ መስሏል!» አሉ እትዬ አስካለ።

«እንጃ… እንጉዳይ በልቼ ነበር፤ እሱ ይሆን?»

«ምን? የጅብ ጥላ በላሽ?»

ቤቱ ተሸበረ። ለግርማ ተደወለለት። ግርማ ደግሞ በስልክ «እኔም በልቻለሁ፣ ሰላምም በልታለች፤ ደህና ነን። እንጉዳዩ አይደለም» ብሎ ፈረደ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እንጉዳይ» ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ይኸው ሆነ።

ጉርድ ሾላ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ተራዬ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ሲደርስ ደግሞ ትኩሳቱም ድለቃውም ጋብ ብሎልኝ፣ ያለ ሕመም ሐኪም ቤት የመጣሁ ሰው መሰልኩ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ትናንትና ዛሬ የሜዳ እንጉዳይ በልቼ…»

«አብሮዎት የበላ ሰው አለ?»

«ባለቤቴና ልጄ።»

«እነሱስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው እንጉዳዩ አይደለም። ሲጋራ? አልኮል?»

«እኔን?» አልኩት ቅር ብሎኝ።

የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ መጣ፦ ታይፎይድና ታይፈስ። በዚህ ከተማ ክሊኒክ ገብቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ ታይፎይድ የለብህም ተብሎ የወጣ ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ። ሁለት ዓይነት ክኒን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ማታውን ደህና ነበርኩ። ክኒኑ ሠራ ተባለ፤ ገና አንድ ፍሬ ነበር የዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስነሣ እትዬ አስካለ በር ላይ ደረሱ። ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል። «ክኒኑን ተይው፤ ለሆድ እንደዚህ ያለ መድኃኒት የለም» ብለው በመለኪያ ቀድተው ሰጡኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት።

ዕቃዬን ይዤ በሩ ጋ ሳልደርስ ያው እሳት ተመለሰ። የአሁኑ ግን የባሰ ነበር። አስመለሰኝ። ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ሰላም ራሴን ይዛ «እማዬ! እማዬ!» ትላለች።

ሁለተኛው ክሊኒክ የልብ ምት የሚያነብ ማሽን ነበረው። ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጠፉ፤ ወረቀት ወጣ። ልብዎ ከመጠን በላይ ይሮጣል፣ የደም ግፊትዎም ወርዷል፤ የልብ ስፔሻሊስት ይዩ ተባልኩ። «እንጉዳዩ ቤት አለ፤ ይምጣና ይታይልኝ?» ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። «እናቴ፣ እኛ የምናክመው ሰው ነው» አለችኝ። ስንወጣ ሐኪሙ ግርማን ወደ ጎን ወስዶ ሲያናግረው እየሰማሁት ነበር። «ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ሴቶች ላይ ይበዛል።» ግርማ መንገዱን ሙሉ «ምን አስጨነቀሽ?» እያለ ሲያስጨንቀኝ መጣ።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። አምስት የማኅበሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው ከእትዬ አስካለ ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል፤ «የሰው ዓይን በልቷት ነው፤ ጸበል ትጠመቅ» ብለውም ወስነዋል። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ተጋደምኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ብዙም ሳይቆይ የጫልቱ ድምፅ ተሰማ። ድንች በፌስታል ይዛ ነው የመጣችው።

«ምን ልታዪ መጣሽ?» አሉ እትዬ አስካለ። «መሞቷን?»

«እንዴ እትዬ! ምን ማለትዎ ነው?»

«የጅብ ጥላ ይበላል ብለሽ ያበላሻት አንቺ አይደለሽም? በልባችሁ ቂም እንዳለ እኔ ድሮም አውቃለሁ።»

ቂም ያሉት ምኑን እንደሆነ ሁሉም ገባው። ቤት የሠራንበት መሬት የጫልቱ አባት ማሳ ነበር። አንዲት ሴት እንኳ «ተይ አስካለ» አላለችም።

ጫልቱ ለእሳቸው አልመለሰችላቸውም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ እኔ በር ተናገረች። «ዘኒ፣ ትሰሚያለሽ? ቢቀርብሽ ይሻላል አላልኩሽም?»

እሰማ ነበር። ሁለት እርምጃ ነው በመካከላችን ያለው። «ብላኛለች» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ደክሞኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ፈርቼ ነበር። ሰው ሲፈራ ደግሞ የቅርቡን ሰው ይጠረጥራል፤ ምናልባትስ የሚል ክፉ ሐሳብ በልቤ ገብቶ ነበር።

«ተኝታለች» አለ ከሴቶቹ የአንዷ ድምፅ። ጫልቱ ድንቹን ወለሉ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለ ከነጠርሙሳቸው ተመለሱ። «ትናንት ያስመለሰሽ መርዙ ሊወጣ ሲል ነው። ድገሚው፤ ጠርጎ ያወጣዋል።» ለምን ጠጣሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሁለት ክሊኒክ ዞሮ መፍትሔ ያላገኘ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል። ጠጣሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከንፈሬ ደንዝዞ፣ ልቤ እየደለቀ መሐል መሐሉን ይዘላል፤ ትንፋሽ አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። ይሄ አባባል አይደለም፤ ሰላምን ጠርቼ የወርቄ ሐብል የት እንዳለ ነግሬያታለሁ።

ግርማ ታክሲ ጠራ፤ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ስንወጣ «እንጉዳዩን ያዢው» አልኳት ለሰላም። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ሞልቷል። አንዲት የማላውቃት እናት፣ እግሯ በጄሶ የታሸገ፣ «ነይ እዚህ» ብላ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝና ራሴን ጭኗ ላይ አሳረፈችኝ። እሷም ሕመምተኛ ናት እኮ! ስሟን ሳልጠይቃት ተራዬ ደረሰ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሟ ከሰላም ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነበረች። የያዘኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። እሷም እንደ ደንቡ «አልኮል ይጠጣሉ?» አለችኝ፤ እኔም «አልጠጣም» አልኳት። ከዚያ «እንጉዳዩ አለ?» አለች።

ሰላም ከቦርሳዋ ዕቃውን አወጣች። በር ላይ ያለችው ነርስ «ይሄን ቆሻሻ ጣዪው» ብላት ደብቃ ነው ያስገባችው። ስትከፍተው እኔም ደነገጥኩ። ነጭ የነበረው እንጉዳይ የለም። በምትኩ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ውሃ፣ ልክ የማኅተም ቀለም የመሰለ ነገር ታች ተኝቷል።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ረስተነው በስብሶ ነው» አልኩ።

ዕቃውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየችው። «የበሰበሰ ነገር ይህን ያህል አይጠቁርም። እናቴ፣ እኔ ስለ እንጉዳይ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጋ ልደውል።»

በሦስት ቀን ውስጥ «አላውቅም» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ባለሙያ እሷ ናት። ጉንጯን ልስማት ቃጣኝ።

የደወለችለት አብሯት የተማረ፣ አሁን ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ላውድ አደረገችው። ሰውየው ጥያቄ ጀመረ። የት በቀለ? መስክ ላይ፣ ጉቶ አጠገብ። ለብቻው ነው በጋራ? ተቃቅፎ። ቀለም ሆነ? አዎ፣ ጥቁር ቀለም።

«በራሱ እንዲህ ቀልጦ ቀለም የሚሆን እንጉዳይ ብዙ አይደለም» አለ። «የበሉት ሌሎች ሰዎች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ታማሚዋ ከበላች በኋላ ጠጥታለች?»

«አትጠጣም። አሁን ጠይቄያታለሁ።»

«ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻት?»

«አልኮል ይጠጣሉ ብዬ።»

«እስቲ ጠላ ብለሽ ጠይቂያት።»

ግርማ ዞሮ አየኝ።

«ጠላማ…» አልኩ። «ሚካኤል ነበር እኮ።»

«ስንት ጠጡ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«ሁለት ብርጭቆ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አረቄ ብቻ። እሱ ግን መድኃኒት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት አለበት።»

ሰውየው በስልኩ ውስጥ ሳቀ። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ጠላና አረቄውን፣ ቀንና ሰዓቱን እየጠየቀች በወረቀት ላይ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ጠጥቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ታምሜያለሁ። ከዚያ በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ይህ እንጉዳይ ለብቻው ሲበላ ብዙ ሰው አይጎዳም። ነገር ግን ሰውነታችን አልኮልን የሚያጣራበትን መንገድ ለቀናት ይዘጋዋል። በዚያ መሐል ትንሽ እንኳ የጠጣ ሰው አልኮሉ በግማሽ መንገድ ቀርቶ ደሙ ውስጥ እንደ መርዝ ይከማቻል። ግርማ ስኳር በሽታ ከያዘው ጀምሮ መጠጥ አይቀምስም፤ ሰላም ጠላ አትወድም። የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ጠጥተዋል፤ እንጉዳይ ግን አልበሉም። ሁለቱ የተገናኙት እኔ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

ግሉኮስ ተሰካልኝ፤ ልቤ እስኪረጋ እዚያው ዋልኩ። ማምሻውን ስወጣ ሐኪሟ ቆጣ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ዕድለኛ ነዎት እናቴ። የሚገድለው ዓይነት መጠጥ አይጠብቅም። ከበሉት ከብዙ ሰዓት በኋላ ያስመልሳል፣ ከዚያ የተሻለዎት ያስመስላል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን ጉበት ይጨርሳል። መልኩ ደግሞ ነጭና የሚያምር ነው። ለሳምንት አረቄም ጠላም እንዳይቀምሱ። የሜዳ እንጉዳይ ግን ዕድሜ ልክዎን።» የታይፎይዱንም ክኒን አስቆመችኝ።

ለእትዬ አስካለ ያስረዳሁበትን ቀን አልረሳውም።

«ጠላዬ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው?» አሉ።

«ጠላውስ ደህና ነው።»

«የጅብ ጥላው ነዋ!»

«እሱም ለብቻው ብዙም አይጎዳም ነው የሚሉት።»

«ሁለቱም ደህና ከሆኑ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የታመምሽው?»

ሦስት ጊዜ ደግሜ አስረዳሁ። በአራተኛው ተውኩት።

ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የምትወስዱት ይኸው ነው። ያላወቃችሁትን የሜዳ እንጉዳይ አትብሉ። ስልክም፣ የልጅነት ትዝታም፣ የጎረቤት ጤንነትም ማስረጃ አይሆንም። በልታችሁ ከታመማችሁ ግን የተረፈውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢቀልጥም ቢሸትም አትጣሉት። ሐኪም ሲጠይቃችሁ በአፋችሁ የገባውን ሁሉ ተናገሩ። ለእኔ አልኮል ማለት ቢራና ውስኪ ነበር። ሐኪሞችም እባካችሁ፣ ስትጠይቁን እኛ በምንጠራው ስም ጠይቁን።

የዳነው ሆዴ ነው። ከጫልቱ ጋር ያለው ግን ክኒን አልነበረውም። ባገገምኩ በሳምንቱ ቤቷ ሄድኩ። ከሰፈራችን ጎመን የሚገዛት እንደቀነሰ ሰምቼ ነበር፤ ጓሮዋ ውስጥ ያልተሸጠው ጎመን አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀለሙን፣ ስልኩን፣ ጠላውን። ጫልቱ ከልጅነቷ ፕሮቴስታንት ናት።

«እኛ ቤት ጠላ ገብቶ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ለዚህ ነዋ እናቴ ጉዳቱን ያላወቀችው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሰምተሽኝ ነበር ያን ቀን?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። «ሰምቼ ነበር» አልኳት።

ከጎመኑ አንድ ቢጫ ቅጠል ቀንጥሳ ጣለች። «ይቅርታ እዚህ ጓሮ አይደለም የሚጠየቀው። እነዚያ ሴቶች ባሉበት ንገሪያቸው። እኔ ማኅበራችሁ ውስጥ አልገባም፤ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።»

በመስከረም ሚካኤል ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከጸሎቱ በኋላ ተነሥቼ ቆምኩ። «ጫልቱ ቢቀርብሽ ይሻላል ብላኛለች፤ የበላሁት እኔ ነኝ። ስትጠራኝም እየሰማሁ ዝም ብያለሁ» አልኩ። ጫልቱ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ አስካለ መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ለእሷ ብለው እኔን?» አለች ጫልቱ።

እትዬ አስካለ ብድግ ብለው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ሳሎኑን አቋርጠው ሄዱና ትከሻዋን ሳሟት። ጫልቱ አልሸሸችም፤ አቀፈቻቸው ግን አልልም።

ልሸኛት ወጣሁ። ዳገቱን አብረን ስንወጣ አንዲት የሰፈር ሴት አንድ እስር ቅጠል ይዛ ከፊታችን መጣች። «ጫልቱዬ፣ ይሄ ምንድነው? ጥሩ ጎመን ነው ብለው ሸጠውልኝ ነበር፤ እስቲ እዪልኝ» አለቻት።

ጫልቱ ቅጠሉን አየችው። ጎመን ነበር፤ እኔ እንኳ አውቄዋለሁ።

«አላውቀውም» አለች፤ ሴትዮዋን በትህትና አልፋ መንገዷን ቀጠለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ዞሬ አየኋት። አልሳቀችም።